ከታርቡሽ እስከ ነጭ ቆብ፤ የተራ ባሕረኞች የክብር ልብስ በዘመናት ሂደት

ሽሜሳኒ የአማን የባንኮችና የመሥሪያ ቤቶች ሠፈር ናት። በሥራ ቀናት መንገዶቿ በመኪና ይጨናነቃሉ፤ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ግን ጸጥ ይላሉ። በዚሁ የዕረፍት ቀን በከተማዋ ቤቶች ውስጥ ተቀጥረው ከሚሠሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ጥቂት የማይባሉት ከሠፈሩ በስተሰሜን ወደሚገኘው የስፖርት ከተማ አቅጣጫ ለሽርሽር ይወጣሉ። በስፖርት ከተማው ቅጥር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1977 የተከፈተው የሰማዕታት መታሰቢያ ይገኛል። መታሰቢያው እ.ኤ.አ. በ1916 ከተነሣው ታላቁ የዓረብ አመፅ ጀምሮ ያለውን የዮርዳኖስን ሠራዊት ታሪክ በመሣሪያ፣ በሰነድና በአልባሳት ለተመልካች ያቀርባል።

በየትኛውም አገር እንዲህ ያለ ቤተ መዘክር የጎበኘ ሰው አንድ ነገር ማስተዋሉ አይቀርም። የአዛዦችና የመኮንኖች ልብስ ወርቀ ዘቦው ሳይደበዝዝ በመስታወት ውስጥ ተሰቅሎ ይታያል፤ የተራው ወታደርና የተራው ባሕረኛ ልብስ ግን እምብዛም አይገኝም። ምክንያቱ ንቀት ብቻ አይደለም። መኮንኑ የክብር ልብሱን በዓመት ጥቂት ቀን ለብሶ በሣጥን ያኖረዋል፤ ተራው ሰው ያለውን ልብስ እስኪያልቅ ይለብሰዋል፣ ጨርቁም መጨረሻው መወልወያ ይሆናል። ስለዚህ የተራ ባሕረኞችን ልብስ ታሪክ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከተሰቀለው ልብስ ይልቅ በደንቦች፣ በፎቶግራፎችና በአፈ ታሪኮች ላይ መመርኮዝ ግድ ይሆንበታል። አፈ ታሪኮቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እውነት አይደሉም።

ጉዳዩ ለዚህ አካባቢ አንባቢ ሩቅ አይደለም። ዮርዳኖስ ያላት የባሕር ጠረፍ በዓቀባ በኩል 26 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ሆኖም በዚያች ጠባብ ጠረፍ ላይ የራሷን ባሕር ኃይል አቁማለች። የዓቀባ ውኃ የቀይ ባሕር የሰሜን ጫፍ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ የሚቀዝፍ ሰው ጅዳን አልፎ ምጽዋ ይደርሳል። ኢትዮጵያውያን ባሕረኞች በነጭ ልብስ ተሰልፈው የታዩትም በዚያው በምጽዋ ወደብ ነበር።

ዛሬ ዓለም «የባሕረኛ ልብስ» ብሎ የሚያውቀው ከኋላ በትከሻ ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ የሚወድቅ ሰፊ ኮሌታ፣ ከደረት የሚታሰር ጥቁር የሐር ሻሽ፣ ከታች የሚሰፋ ሱሪና ዙሪያውን መከለያ የሌለው ክብ ቆብ ነው። በጽሑፍ የታወቀ ደንብ ያገኘው ግን ከብዙዎች ግምት እጅግ ዘግይቶ ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለመኮንኖቹ የደንብ ልብስ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1748 ነበር፤ ለተራ ባሕረኞቹ የወሰነው ደግሞ በ1857። በመካከሉ 109 ዓመታት አልፈዋል። በእነዚያ ዓመታት የእንግሊዝ መርከቦች ታላላቅ ጦርነቶችን ተዋግተዋል፤ መድፉን የጎተቱትና ሸራውን የሰቀሉት ሰዎች ግን የተወሰነ ልብስ አልነበራቸውም። ልብስ ያለቀበት ባሕረኛ ከመርከቡ ግምጃ ቤት ይገዛል፤ ዋጋውም ከደመወዙ ይቆረጣል። ግምጃ ቤቱ ለብዙ ሰው በአንድ ላይ ተመሳሳይ ጨርቅ ያስገባ ስለነበር ባሕረኞቹ ያለ ደንብም ቢሆን መመሳሰል ጀመሩ። የ1857ቱ ደንብም አዲስ ልብስ አልፈጠረም፤ ባሕረኞቹ ራሳቸው ለሥራ እንዲመቻቸው የመረጡትን ሰብስቦ ሕግ አደረገው እንጂ።

ከዚህም የሚገርም ነገር አለ። የንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ፣ በኋላ ንጉሥ የሆነው ኤድዋርድ፣ በአራት ዓመቱ የባሕረኛ ልብስ ተሰፍቶለት ሠዓሊው ዊንተርሃልተር እ.ኤ.አ. በ1846 ሥዕሉን ሥሎታል። ልዑሉ ልብሱን የለበሰው ለባሕረኞቹ ደንብ ከመውጣቱ 11 ዓመታት ቀድሞ መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ልብሱ የሕፃናት ፋሽን ሆነ፤ በ1920ዎቹ ደግሞ የጃፓን ሴት ተማሪዎች የትምህርት ቤት ልብስ ሆኖ እስከ ዛሬ ቆይቷል። ከድሃ ሠራተኛ ትከሻ ተነሥቶ ይህን ያህል የተጓዘ የሥራ ልብስ ማግኘት ይከብዳል።

በእንግሊዝ ባሕረኛ ኮሌታ ዙሪያ ሦስት ነጭ መስመሮች አሉ። መስመሮቹ አድሚራል ኔልሰን በአባይ አፍ በ1798፣ በኮፐንሃገን በ1801 እና በትራፋልጋር በ1805 የተቀዳጃቸውን ሦስት ድሎች ያመለክታሉ የሚል ወሬ በሰፊው ይነገራል። ጥቁሩ የሐር ሻሽም ለኔልሰን ሞት የተለበሰ የሐዘን ምልክት ነው ይባላል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ጥቁር ሻሽ ኔልሰን ከመሞቱ በፊትም ባሕረኞች ላብ ለመጥረግና አንገታቸውን ለመሸፈን ይጠቀሙበት ነበር። መስመሮቹም ደንቡ ሲወጣ ለአንድ ወጥነት ሲባል ሦስት ሆኑ እንጂ ከድሎቹ ጋር የሚያገናኛቸው ሰነድ የለም።

ሩሲያውያንም ተመሳሳይ ሦስት መስመር በኮሌታቸው ላይ አላቸው። እነርሱ ደግሞ የራሳቸውን ድሎች ይቆጥራሉ፤ ጋንጉት በ1714፣ ቼስማ በ1770፣ ሲኖፕ በ1853። ከሦስቱ ሁለቱ፣ ቼስማና ሲኖፕ፣ የዑስማኒያ መርከቦች በእሳት የጋዩባቸው ውጊያዎች ናቸው። እንግዲህ ያው ነጭ ጥብጣብ ለለንደን አንድ ታሪክ፣ ለሴንት ፒተርስበርግ ሌላ ታሪክ ይናገራል ማለት ነው። ኢስታንቡል ላይ ቆሞ ለሚያየው ሰው ደግሞ የጠፉ ልጆቹን ቁጥር ያስታውሰዋል። መስመሩ ራሱ ምንም አይናገርም፤ ታሪኩን የሚሰፉበት ከኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው።

ፈረንሳዮችም ከዚህ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1858 በወጣ ደንብ የባሕረኛው የውስጥ ሸሚዝ ሰማያዊና ነጭ ዥንጉርጉር እንዲሆንና በአካሉ ላይ 21 ነጭ መስመሮች እንዲኖሩት ተወሰነ። ቁጥሩ የናፖሊዮን ድሎች ቁጥር ነው የሚል ወሬ ወዲያው ተከተለ። በቆባቸው አናት ላይ ያለው ቀይ የክር ድቡልቡል ደግሞ የመርከብ ውስጥ ጣሪያ ዝቅ ያለ በመሆኑ ጭንቅላትን ከግጭት እንዲከላከል የተደረገ ነው ይላሉ። እንዲህ ያለች ጥቂት ክር የምትከላከለው ግጭት ምን ዓይነት እንደሆነ ለመገመት ያስቸግራል።

የቆቡን ነገር ካነሣን በሙስሊሙ ዓለም ያለው ታሪክ ከፈረንሳዩ ድቡልቡል ይልቅ ክብደት አለው። ሡልጣን ማሕሙድ ሁለተኛ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1826 የጃኒሳሪዎችን ጦር ካፈረሱ በኋላ አዲስ ለሚያቋቁሙት ሠራዊት አዲስ የራስ ልብስ ፈለጉ። ጥምጥም የድሮውን ሥርዓት ያስታውሳል፤ የአውሮፓውያን ባርኔጣ ደግሞ መከለያው በሱጁድ ጊዜ ግንባር መሬት እንዳይነካ ያግዳል፣ ከዚያም በላይ የሌላ እምነት ምልክት ተደርጎ ይታይ ነበር። መፍትሔው የመጣው ከባሕር ነው። የመርከቦቹ ዋና አዛዥ ኹስረው ፓሻ በቱኒስ የሚለበሰውን ቀይ ታርቡሽ ለባሕር ሰዎቻቸው አልብሰው በሡልጣኑ ፊት አሰለፏቸው። ሡልጣኑ ወደዱት። በ1829 በወጣው የአልባሳት ደንብ ታርቡሽ የመንግሥት ሹማምንት የራስ ልብስ ሆነ፤ በ1830ዎቹም ኢስታንቡል ውስጥ የታርቡሽ ፋብሪካ ተቋቋመ። እስከ ካይሮና እስከ ደማስቆ ድረስ የክብር ምልክት ለመሆን የበቃው ታርቡሽ በማዕከላዊው መንግሥት ዘንድ መንገዱን የጀመረው በባሕረኞች ራስ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለአንድ መቶ ዓመት ያህል የዑስማኒያ ባሕረኛ ከአንገቱ በታች የእንግሊዙን ወይም የፈረንሳዩን ባሕረኛ ይመስል ነበር፤ ሰፊው ኮሌታም ሰፊው ሱሪም አለው። ከአንገቱ በላይ ግን ታርቡሽ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1890 በጃፓን ጠረፍ የሰጠመችውና ከ500 በላይ ሰዎች ያለቁባት ኤርቱግሩል የተባለችው መርከብ ባሕረኞችም በዚህ ዓይነት አለባበስ ነበር ያን ሁሉ መንገድ የተጓዙት። ድርድሩ በልብሱ ላይ በግልጽ ይነበባል። ለሥራ የሚጠቅመው ከውጭ ተወሰደ፤ ለሶላት የሚያስፈልገው ከራስ ተጠበቀ።

የታሪክ ምፀት ሳይሆን አይቀርም፣ ታርቡሽ መጀመሪያ ሲመጣ ባዕድ ነው ብለው የተቃወሙት ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1925 የቱርክ ሪፐብሊክ በባርኔጣ ሕግ ሲከለክለው ደግሞ የሃይማኖት ምልክታችን ተነካ ብለው የተነሡ ሰዎች ሕይወታቸውን እስከማጣት ደረሱ። የቱርክ ባሕረኛ ግን ከሲቪሉ ይልቅ ቀሊል መንገድ አገኘ። ታርቡሹን ሲያወልቅ ያደረገው የዓለም ባሕረኞች ሁሉ የሚያደርጉትን ክብ ቆብ ነው፤ ይህም ቆብ መከለያ የለውም። ግንባሩን ከመሬት ለማሳረፍ ቆቡን ማውለቅ አላስፈለገውም ማለት ነው። የአውሮፓ ባሕረኞች ቆባቸውን እንዲህ ያደረጉት ለሱጁድ ብለው እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ለሚሰግደው ሰው ግን የተመቸው እርሱ ነበር።

በቱርክ የሴቶቹ ጉዳይ እስኪፈታ ብዙ ዘመን ፈጅቷል። በጦር ኃይሉ ውስጥ የሚያገለግሉ ሴቶች ከቆባቸው ሥር ፀጉራቸውን በሻሽ እንዲሸፍኑ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 ነው። ክልከላው በአገሪቱ ካሉት ተቋማት መካከል ለረጅም ጊዜ ጸንቶ የቆየው በጦር ኃይሉ ነበር።

የልብስ ለውጥ ከላይ በትእዛዝ ሲመጣ ምን እንደሚገጥመው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ታሪክ በደንብ ያሳያል። የአሜሪካ ባሕረኛ የክብር ሱሪ ከፊቱ በ13 ቁልፎች የሚዘጋ ሰፊ ክዳን አለው። አገሪቱን የመሠረቱት 13 ግዛቶች ምልክት ነው የሚለውን ለመንገደኛ ሁሉ ይነግራሉ። እውነቱ ከባሕር ኃይሉ ታሪክ ክፍል እንደሚታወቀው በ1894 የሱሪው ክዳን ሲሰፋ ለመመጣጠን ሲባል ቁልፎቹ 13 ሆኑ፤ ከዚያ በፊት ሰባት ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1970 የባሕር ኃይሉ አዛዥ የሆኑት አድሚራል ኤልሞ ዙምዋልት የተራውን ባሕረኛ ክብር ከፍ ለማድረግ ከልባቸው የጣሩ ሰው ነበሩ። ጢም ማሳደግን ፈቀዱ፤ በዘር ላይ የተመሠረተ አድልዎን ተዋጉ። ልብሱንም የክብር ጉዳይ አድርገው አዩት። ተራው ባሕረኛ ለምን እንደ ሕፃን ልጅ ይለብሳል፣ ለምን እንደ መኮንኑ ኮትና ከረባት አያደርግም በሚል አሳብ ከ1973 ጀምሮ ሰፊው ኮሌታና ሰፊው ሱሪ ቀርቶ ሁሉም ኮት፣ ከረባትና መከለያ ያለው ባርኔጣ እንዲለብስ ተደረገ። አሳቡ በጎ ነበር። ባሕረኞቹ ግን አልወደዱትም።

ምክንያታቸው ሁለት ነበር። የመጀመሪያው የቦታ ጉዳይ ነው። በመርከብ ላይ ተራ ባሕረኛ ያለው ዕቃ ማስቀመጫ ከአልጋው ሥር ያለች ጠባብ ሣጥን ናት። የድሮው ልብስ ተገልብጦና ተጣጥፎ ወይም ተጠቅልሎ ጥቂት ቦታ ይይዛል፤ ሲዘረጋም የእጥፋቱ መስመር እንደ ጌጥ ይታያል። ኮት ግን ካልተሰቀለ ይጨማደዳል፤ መስቀያ ደግሞ የለም። ሁለተኛው የመለየት ጉዳይ ነው። ኮትና ከረባት የለበሰ ባሕረኛ ከወደብ ሲወርድ የአውቶቡስ ሾፌር ነው ወይስ የሆቴል ዘበኛ ተብሎ ይጠየቃል። ያ የድሮው ልብስ፣ መኮንኖቹ የዝቅተኝነት ምልክት ነው ብለው ያዘኑለት ልብስ፣ ለለባሹ ኩራቱ ነበር። አሥር ዓመት ሳይሞላ፣ በ1980 አካባቢ፣ ሰፊው ኮሌታና 13ቱ ቁልፎች ተመለሱ። ከ2010ሮቹ አጋማሽ በኋላ ደግሞ ሴቶቹም ከወንዶቹ ጋር ተመሳሳይ ኮሌታና ያንኑ ነጭ ክብ ቆብ እንዲያደርጉ ተወሰነ። ለተራ ሰዎች ክብር የሚያስብ አለቃ መጀመሪያ እነርሱን ቢጠይቅ ኖሮ የስፌቱ ወጪ ሁሉ ይተርፍ ነበር።

ወደ ቀይ ባሕር እንመለስ። የምጽዋ ወደብ ያየችው የባሕረኛ ልብስ ዓይነት ብዙ ነው። ከተማዋ በትውፊት ከመጀመሪያው ሂጅራ ጋር ስሟ የሚነሣ፣ በራስ ሙድር ያለው የሶሓባዎች መስጊድ የሚታይባት ናት። እ.ኤ.አ. በ1557 ዑስማኒያ ያዟት። በ1865 ለግብፅ ተላለፈች፤ በ1885 ጣሊያን ገባ፤ በሚያዝያ 1941 እንግሊዞች ተቆጣጠሯት። ስለዚህ በአንዲት ወደብ ላይ የታርቡሹም፣ በኮሌታው ማዕዘን ኮከብ ያለበት የጣሊያኑም፣ ሦስት መስመር ያለው የእንግሊዙም ልብስ በየተራ አልፈዋል።

ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትቀላቀል ባሕር የማቋቋሚያ ዕድል ተገኘ። በ1940ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው ባሕር ኃይል በእንግሊዝና በኖርዌይ የባሕር መኮንኖች እገዛ ተደራጀ፤ የመኮንኖቹ ትምህርት ቤት በአሥመራ ሲሆን ተራ ባሕረኞች ግን የሚሠለጥኑት በምጽዋ ነበር። ዓመታዊ አማካይ ሙቀቷ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ከተማ ውስጥ የሰሜን አውሮፓው ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ልብስ የሚታሰብ አልነበረም። ነጩ ልብስ እዚያ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ከፀሐይ መከላከያ ነው። ከደጋው ተመልምለው ወደ ቆላው ወደብ ለወረዱ፣ ባሕር ማየት ቀርቶ መዋኘት ለማያውቁ ወጣቶች ያ ነጭ ልብስ የአዲስ ሕይወት መጀመሪያ ነበር።

በጥር 1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተገኘችውና «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ ለባሕር ኃይሉ ዋና መርከብና መለማመጃ ሆነች። በየዓመቱ በምጽዋ በሚከበረው የባሕር ኃይል ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ይገኙ ነበር፤ የእንግሊዝ፣ የአሜሪካ፣ የፈረንሳይና የሶቪየት ኅብረት የጦር መርከቦችም በእንግድነት ይመጡ ነበር። ያ ዘመን በዓለም ፖለቲካ የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ነው፤ የእነዚህ አገሮች ባሕረኞች በሰላም በአንድ መንገድ የሚተላለፉባቸው ወደቦች ጥቂት ነበሩ። በምጽዋ ግን የፈረንሳዩ ቀይ ድቡልቡል፣ የአሜሪካኑ ነጭ ቆብ፣ ከኋላው ሁለት ጥብጣብ የሚወርድለት የሶቪየቱ ቆብ፣ የእንግሊዙ ሰፊ ኮሌታ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይታዩ ነበር። ኢትዮጵያዊው ባሕረኛም አስተናጋጅ ሆኖ በመካከላቸው ይቆማል። በልብስ ረገድ ከእነርሱ የሚያንስበት አልነበረም።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነገሮች ተለዋወጡ። የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ የነበሩት የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ከተገደሉት ባለ ሥልጣናት አንዱ ሆኑ። ዘውዱ ከምልክቶች ላይ ወረደ፤ «ንጉሠ ነገሥታዊ» የሚለው ቃል ከስሙ ተፋቀ። ብዙ ሳይቆይ አሠልጣኙም መርከቡም ከሶቪየት ኅብረት መምጣት ጀመረ። በዚህ ሁሉ ለውጥ ውስጥ የተለወጠው አለቃውና ምልክቱ ነው፤ ሙቀቱና ጨዉ የሚጠይቁት ነጭ ልብስ ግን ለአብዮት አይታዘዝም።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ከመንግሥቱ እጅ ወጣች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ የቀሩት መርከቦች ወደ የመን፣ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ጅቡቲ ሸሹ። «ኢትዮጵያ» የተባለችውም መርከብ የመን ደርሳ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1993 ለብረታ ብረት ተሸጠች። በዚያው ዓመት ኤርትራ ነፃነቷን ስታውጅ ኢትዮጵያ ወደብ አልባ ሆነች። የቀሩት ጀልባዎች በ1996 ጅቡቲ ውስጥ በሐራጅ ተሸጡ፤ ባሕር ኃይሉም ፈረሰ። ያን ነጭ ልብስ ይለብሱ ከነበሩት ሰዎች ብዙዎቹ በባዕድ ወደቦች ወርደው እንደ ማንኛውም ስደተኛ ኑሮን ከዜሮ ጀመሩ። የአብዛኞቹ ልብስ የት እንደቀረ መገመት አያዳግትም። መስታወት ውስጥ የሚያኖርለት አልነበረም።

መንግሥት ባሕር ኃይሉን መልሶ እንደሚያቋቁም በ2010 ዓ.ም. አስታወቀ፤ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት አዲስ አበባን በጎበኙ ጊዜ ይህንኑ የሚያግዝ የመከላከያ ስምምነት ተፈረመ። ያለ ባሕር የሚቋቋም ባሕር ኃይል በብዙዎች ዘንድ ጥያቄ አስነሥቷል፤ ጥያቄው የፖለቲካ ነውና ለባለቤቶቹ ይተው። ለምልምሎቹ ግን ከልብሱ ደንብ ጋር የሚያያዙ ሌሎች ጥያቄዎችም አሉ። ሙስሊም ሴት ባሕረኛ ብትመለመል ከቆቧ ሥር ሻሿን ማሰር ትችላለች ወይ? የክብር ልብሱ በጠባብ ሣጥን ተጣጥፎ ይያዛል ወይስ መስቀያ ይፈልጋል? ከምጽዋ ዘመን የቀሩትና ዛሬ ሽበት የወረሳቸው ባሕረኞች ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ የሚሉት ይኖራል፤ ደንብ አውጪዎቹ እስኪጠይቋቸው ድረስ በሕይወት ካሉ።